የውሃልክ እግሮች

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። የቀባሁት ግድግዳ ላይ ዝንብ ብታርፍ ትንሸራተታለች። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ያየ ይመስክር። የዛሬው ወሬ ግን ስለ እህቴ ባል ነው።

ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። በግንበኛው የደረጃ መለኪያ ስም «ውሃልክ» እንለዋለን። ጫማውን አውልቆ ባነጠፈው ላይ አንዴ ከተራመደ፣ ፀጉር የምታህል ከፍታ አታመልጠውም። መሐንዲሱ ለክቶ «ልክ ነው» ሲል እሱ «ሦስተኛዋ ትነሳ» ይላል። ትነሳለች። ያንን መሐንዲስ እኔም አንድ ቀን በቀለም... ተዉት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ወገቡን ሲያመው ሲያመው ጎንበስ ማለት አቃተው። ቢታይ፣ አከርካሪው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነርቩን ተጭኖታል። ቀደዱና አፈሰሱለት። በአምስተኛው ወር ተንበርክኮ ሥራ ጀመረ። ሐኪሙ «ተመልሶ ሊሞላ ስለሚችል በየዓመቱ ታይ» አለው።

አብሬው የምሄደው እኔ ነበርኩ። በአራተኛው ዓመት የሆስፒታሉን ደረጃ ስንወጣ፣ «ጋሼ፣ እግሬ ካልሲ ያጠለቀ ይመስለኛል» አለኝ።

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ያላመመህን ምን ያስወራሃል? ሐኪም ፊት አፍ ከተከፈተ ቢላ ይመዘዛል።»

ሐኪሙ «ሕመም አለ?» ሲለው «የለም» አለ። ሌላ ሊጨምር አፉን ሲከፍት ቀደምኩት፤ «ኧረ ዶክተር፣ እንደ ወይፈን ነው የሚዘለው፤ ይልቅ እኔን እዩኝ» አልኩ። ሐኪሙ ሳቀና «ደህና» ብሎ ጻፈ። በዓመቱም ያው። ምላሴን ማን ይችለዋል።

ከዚያ አንድ ቀን ነጭ ሳሎን አንጥፎ እንደ ልማዱ በባዶ እግሩ ይራመድበታል። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ኮርኒስ እቀባለሁ። ቁልቁል ሳይ ከኋላው ቀይ ዱካ ተከትሎታል። የሴራሚክ ስባሪ ተረከዙ ውስጥ ገብቶ፣ እሱ «ይቺ ልክ ናት፣ ይቺም ልክ ናት» ይላል።

«አንተ፣ ተቀመጥ» አልኩት።

ወለሉን አየና «የማን ደም ነው?» አለኝ።

ከረጢቱ ሞልቶ ከርሟል። ድጋሚ ቀደዱት። ሐኪሙ ግን፣ «መደንዘዝ እንደጀመረው ብትነግሩን ኖሮ እንደርስለት ነበር። አሁን ባለበት ይቆማል እንጂ የሄደው አይመለስም» አለ። ሲናገር እኔን አላየኝም። እህቴ አየችኝ።

ይኸው ሰባት ዓመት፣ በሁለት ክራንች ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት ነው። ስሄድ እህቴ በር ትከፍትልኛለች፤ አታናግረኝም። እሱ አንዴ ብቻ አነሳው። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖርም እኔው እዋሽ ነበር፤ ሥራዬን እንዳላጣ» አለኝ።

ለእኔ ብሎ ነው። ያን ቀን ሊናገር ነበር፤ አጠገቡ ነበርኩ።