የአጎቴ ቀስትና የጥጥ ጆንያው

ሐሙስ ከሰዓት ከጊምቢቹ ከመጣሁበት ሚኒባስ ሆሳዕና መናኸሪያ ወርጄ ወደ ቤት ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ... እጄ ባዶ መሆኑ ገባኝ። የአጎቴ ቀስት!

ቀስት ስላችሁ የሚወጋበት እንዳይመስላችሁ። በአንድ ጅማት የተወጠረ እንጨት ነው፤ አፍ ላይ አስደግፈው ጅማቱን በቀጭን በትር እየመቱ ይጫወቱበታል። ቅዳሜ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የባህል ቀን አለን። አጎቴ ኤርሲዶ ከጊምቢቹ መጥቶ ሊጫወትልን ነው። ቀስቷን ቀድሜ ለኤግዚቢሽን ልውሰዳት ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ሲሰጠኝ «የእናቴ ናት፤ አደራ!» ብሎኛል።

በሩጫ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ቆሟል... ቀስቷ የለችም። ረዳቱን አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

«ወንድሜ፣ ወንበሩ ጥግ ያስደገፍኳት ቀስት የታለች?»

«ደጋኗን ነው? አጠገብህ የነበሩት ጥጥ በጆንያ የያዙት እማማ ረስተዋት ነው ብዬ ሮጬ ሰጠኋቸው እኮ!»

ወይ ጉዴ! ደጋን የጥጥ መንደፊያው ነው። ለሚያያቸው ሰው እውነትም አንድ ናቸው።

ዓርብ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። አጎቴ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ምን ልበለው? ከትምህርት በኋላ ገበያ ወርጄ ጥጥ ሻጮቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ አመሸሁ። አንዷ ሰፈራቸውን ነገረችኝ። ቅዳሜ በጠዋት ግቢያቸው በር ላይ ስደርስ ከውስጥ ድም... ድም... ድም። እማማ በአጎቴ ቀስት ጥጥ እየነደፉ!

«ውይ የኔ ልጅ! ጊምቢቹ ያለችው ልጄ ከጥጡ ጋር የጫነችልኝ መስሎኝ ነው እኮ» አሉና ሰጡኝ። «ግን እንዲህ የሚያፈካ ደጋን አይቼም አላውቅ!»

ጅማቷን በሸሚዜ እየጠራረግኩ ወደ ትምህርት ቤት በረርኩ። አጎቴ ደርሷል። ተማሪው ተሰብስቦ ይጠብቃል። አፉ ላይ አስደገፋት... ቆመ። ከከንፈሩ ላይ የጥጥ ብናኝ አነሳ።

«ማነው ጥጥ የነደፈባት?»

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሰማኝና ሳቁ መጣ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«እናቴ እኮ ተጫዋች አልነበረችም» አለኝ። «ጥጥ ነዳፊ ነበረች። ይቺ ደጋኗ ናት። እሷ አረፍ ስትል እየሰረቅኩ ነው መጫወት የለመድኩባት።»

እኔ ጠፋች ብዬ ሁለት ቀን ስቃትት... ቀስቷ ለካ የድሮ ሥራዋ ላይ ነበረች።