ለእትዬ ጥሩወርቅ ጉልበት የደገምኩት ዳዊት

ባለፈው እሑድ እዚህ ፍኖተ ሰላም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሴት ልጇን ክርስትና አስነሥታ ጠርታን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ገና ከኮሌጅ የወጣች መምህርት ናት። ወጥ እያወጡ የሚያስተናግዱትን የሕፃኗን አያት ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «እማማ፣ የክርስትና ስሟ ማን ተባለ?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ፈገግታቸው ሳይጎድል፣ «ማን ትባል እናቴ፣ በይ ሳይበርድብሽ ብይ» ብለው አንድ ጭልፋ ጨመሩላት። ልጅቷ ያልሰሟት መስሏት ጥያቄውን ደገመችው። እሳቸውም ጭልፋውን ደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኳት፤ ሳህኗ ሞልቶ ሊፈስ ነበር።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ሳልጠየቅ ሁሉ አስረዳለሁ። ይህን ለማስረዳት ግን ከእትዬ ጥሩወርቅ መጀመር ሊኖርብኝ ነው፤ የእሳቸው ነገር ደግሞ ድንኳን ውስጥ ተጎርሶ የሚያልቅ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ጊዜው መስከረም ነው። ከቡሬ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃው እስኪያሸንፈው ድረስ ወሰደኝ፤ ከዚያ ባለባጃጁ ሻንጣዬን አወረደና «ከዚህ ወዲያ እንግዲህ እግርሽ ያውቃል» ብሎኝ ተመለሰ። ግራና ቀኙ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። መንገዱ ግን እንደ አብሲት የሚጎተት ጭቃ ነበርና አበባውን ቀና ብዬ ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቴም ወድቄያለሁ።

የተከራየሁት እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው ጨርሰው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጠንካራ ስል ከግራ ጉልበታቸው በቀር ማለቴ ነው። ያ ጉልበት ጠላታቸው ሆኖ ነበር። ቤታቸው ካለበት ኮረብታ ጫፍ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ ትነግሣለች። እትዬ ጥሩወርቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያን ንግሥ በእግራቸው ወጥተው ያላከበሩበት ዓመት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ግን ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው በበቅሎ ወጡ። «እንደ ጨው ተጭኜ!» ይላሉ፣ ባስታወሱት ቁጥር። «አገር እያየኝ እንደ ጨው! ዘንድሮ በእግሬ ካልወጣሁ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ ማርያምን!» በዚህ ምለው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ማርያምን ብለው የማሉትን አያጥፉም።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ለጸሎት የነበረኝን ትጋት አሁን ሳስበው ያስቀናኛል፤ ትንሽም ያስቀኛል። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ መሆኑን የማያውቅ ካለ ላስረዳ፤ ሰኞ ከመዝሙር አንድ እስከ ሠላሳ ነው፣ ማክሰኞ ከዚያ ይቀጥላል፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ያልቃል። እኔም ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ የዕለቱን እደግማለሁ። በየመሐሉ ልመናዬን በደንብ ተራ አስይዤ አቀርባለሁ። ከራሴ እጀምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ላይ እንዳልቆጣ። ቀጥሎ የምወዳቸው ሰዎች ይመጣሉ፣ እናቴና ወንድሜ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፤ ካህናቱ እንዳይነታረኩ፣ የቅድስቱ ጣራ ማፍሰሱን እንዲተው። ሁሉንም የምጠራው በክርስትና ስማቸው ነው። ሰው ሲቆርብም፣ ሲጸለይለትም፣ ሞቶ ፍትሐት ሲደረግለትም የሚጠራው በዚያ ስም ነውና። የዓለም ስም ለመታወቂያ ነው።

እንግዲህ ከሚወደዱት ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ ገቡ። አንድ ምሽት ድንች በሰናፍጭ እየበላን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?»

ድንች የያዘው እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። «ለምንሽ ነው?»

«ዳዊት ስደግም ለጉልበትዎ እንድጸልይልዎ ነው።»

ድንቹን ሰናፍጩ ላይ መልሰው አስቀመጡት። እኔ ግን ሥራዬን በሥርዓት የምሠራ ሰው አይደለሁ? ተመሳሳይ የክርስትና ስም ያላቸው ስንት ሴቶች በአገሩ እንዳሉ አሰብኩና ስሕተት እንዳይፈጠር፣ «የእናትዎንስ ስም ቢነግሩኝ?» ብዬ ጨመርኩበት።

በዚያ አገር የሰውን የክርስትና ስም ከእናቱ ስም ጋር አጣምሮ የሚጠይቅ አንድ ባለሙያ ብቻ መኖሩን፣ እሱም መተተኛ መሆኑን ያን ጊዜ ማን በነገረኝ! እኔ የማውቀው የክፍል ስም መጥሪያ ነው፤ ተማሪው ከነአባቱ ይጠራል። እትዬ ጥሩወርቅ እኔን አዩ፣ በሩን አዩ፣ በበሩ አሻግረው የጎረቤታቸውን አጥር አዩ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ ስም ነገሩኝ፤ የእናትንም ጨመሩ። «ደኅና አድርገሽ ያዥው» አሉኝ። በማግሥቱ ጀመርኩ። «ባሪያህን ወለተ እገሊትን አስባት፤ ጉልበቷን አጽናላት» እላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ እቀጥላለሁ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት፣ እሳቸውም ጉልበታቸውን ታመው በዱላ የሚያነክሱት ጎረቤት እትዬ የሺ ይባላሉ። ሁለቱ ሴቶች ከልጅነት ጀምሮ የማይለያዩ ነበሩ አሉ። ያለያያቸው በርበሬ ነው። የእትዬ የሺ ዶሮዎች እትዬ ጥሩወርቅ ያሰጡትን በርበሬ ጭረው ጭረው ከአፈር ቀላቀሉት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት በዶሮዎቹ በኩል ብቻ ነው። «እሽ! ወዲያ! አሳዳጊ የበደለሽ!» ይላሉ እትዬ ጥሩወርቅ ዶሮዋን፣ ድምፃቸውን ከአጥር በላይ ከፍ አድርገው። «ነይ ልጄ፣ ከክፉ ሰው ደጅ ምን አደረሰሽ?» ይላሉ እትዬ የሺ፣ ያችኑ ዶሮ።

ጥቅምት ላይ ሑመራ ሄዶ ድምፁ የጠፋው የእትዬ የሺ ልጅ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ከች አለ። ከማዶ እልልታ ሆነ። ኅዳር ላይ ላማቸው መንታ ወለደች፤ አገሩ ሁሉ ሊያይ ጎረፈ። በርበሬያቸውን ቡሬ ወስደው ማንም ባልሸጠበት ዋጋ ሸጡት። በዚህ ጊዜ ሁሉ የእትዬ ጥሩወርቅ ጉልበት እያበጠ ይሄዳል፤ እኔም አዝኜ ጸሎቱን አበዛለሁ።

«ዛሬም ደገምሽ?» ይሉኛል።

«ደገምኩ እትዬ።»

«በርትተሽ?»

«በርትቼ።»

«እስቲ ትንሽ ቀነስ አርጊው።»

ለእንቅልፌ የተጨነቁ መሰለኝ። ለፍቅራቸው ስል ሦስት መዝሙር ጨመርኩ።

የጥር ንግሥ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፍ ላይ ጉልበታቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ሳለ ከማዶ አንዲት ዶሮ አመለጠች። እትዬ የሺ ተከተሏት። ያለ ዱላ! እንደሳቸው በጉልበት ሲያነክሱ የኖሩ ሴት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡና ዶሮዋን ያዟት። እትዬ ጥሩወርቅ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ከዚያ ጠሩኝ።

«መምህርት፣ ነይ ተቀመጪ። ያ ስም የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

በአገጫቸው ወደ አጥሩ አመለከቱ።

«ምነው እትዬ! ለምን?»

«እኔ ምን ላድርግ! የሰው አገር ልጅ ነሽ፤ ስም ከነእናት ትጠይቂያለሽ፤ በጨለማ ተነሥተሽ ታነበንቢያለሽ። መተት ከሆነ እዚያው ይረፍ ብዬ ነዋ።»

«እሳቸው ላይ?»

«አሃ፣ እኔ ላይ ይረፍ?» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ በምሬት ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉት። «ለካ የምር ጸሎት ኖሯል! በይ አሁን መልሺው።»

«ምኑን?»

«ጉልበቱን! ልጁ ይሁንላት፤ መንታ ጥጆቹንም ትውሰድ፤ አልቀናም። ጉልበቱ ግን የኔ ነው። ለኔ ጉልበት ብለሽ አይደል የለመንሽው?»

ጸሎት በስሕተት ሰው ቤት እንደገባ ጆንያ የሚመለስ ነገር አለመሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። በሕይወቴ ማስረዳት ያቃተኝ ያን ቀን ነው። ሌላ ሳጣ፣ «ግን እኮ እትዬ፣ የእሳቸውን የክርስትና ስም በምን አወቁት?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ።

«ልትዳር ስትል ፈርታ ታለቅስ ነበር» አሉ። «'ጸልዪልኝ' ብላ ነገረችኝ። ከእኔ ሌላ ለማንም አልተናገረችም። እኔም ስንት ዘመን ስጠራት ኖሬ... እስከዚያ በርበሬ ድረስ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቱ አላነሡም።

ጥር ሃያ አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ክንዴን ተደግፈው ወጡ። ከላይ ከበሮው ይሰማል። እትዬ የሺ ደጃፍ ስንደርስ ቆሙ። ደክሟቸው መስሎኝ ነበር።

«የሺ!» ብለው ተጣሩ። በዶሮ በኩል ያልሆነ ጥሪ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እትዬ የሺ በር ላይ ወጡ። እትዬ ጥሩወርቅ እዚያው እንደቆሙ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስሙን፣ መተት ብለው መጠርጠራቸውን፣ እሳቸው ላይ እንዲያርፍ ማሰባቸውን። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ ካሁን አሁን ዱላ ይነሣል እያልኩ።

«ዳዊት?» አሉ እትዬ የሺ። «በኔ ስም? ከመስከረም ጀምሮ?»

«ያውም እየሰገደች!»

እትዬ የሺ ትንሽ አሰቡ። «ጉልበቴንስ ያዳነኝ ልጄ ቡሬ ወስዶኝ የገዛልኝ ቅባት ነው።»

«ልጅሽንስ ማን መለሰው?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስለ ንብረቱ እንደሚከራከር ሰው።

እትዬ የሺ ወደ ውስጥ ገቡና ግማሹ ያለቀ ቅባት ይዘው ወጡ። በዚያ ለንግሥ በለበሱት ነጭ ቀሚስ አፈር ላይ ተንበርክከው የእትዬ ጥሩወርቅን ጉልበት ማሸት ጀመሩ።

«ያቃጥላል የሺ!»

«ካቃጠለ ሠራ ማለት ነው። ዝም በይ።»

«እጅሽ እንደ ዶሮሽ ነው፣ ይጭራል!»

እትዬ የሺ በሳቅ ተንፈቀፈቁ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም።

አቀበቱን በአንድ በኩል እትዬ የሺ፣ በሌላው እኔ ይዘናቸው ወጣን። ቅባቱ ከዕጣን በላይ ይሸታል። ስንት ጊዜ እንዳረፍን አላውቅም፤ ባረፍን ቁጥር በርበሬው እንደ አዲስ ይነሣና እንደገና ይታረቃሉ። ታቦቷ ወጥታ ዑደት ስትጀምር ደረስን። እትዬ ጥሩወርቅ በሁለት እግራቸው ቆመው እልል አሉ። በበቅሎ ሲያልፉ ያዩዋቸውን ሰዎች እየፈለጉ፣ በየፊታቸው እየሄዱ እልል አሉ።

ከቅጽሩ ከመውጣታችን በፊት እንደ ሰነፍ ተማሪ ጆሮዬን ይዘው ጎንበስ አደረጉኝና እውነተኛውን ስም ነገሩኝ። የእናታቸውንም ጨመሩ።

ያን እሑድ ከድግሱ ወጥተን በአስፋልቱ ዳር ስንመለስ ይህን ሁሉ ለወጣቷ ባልደረባዬ ነገርኳት። ሆዷ ሞልቶ ቀስ እያለች ነበር የምትራመደው። «ታዲያ ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ። እኔም፣ ያ ሁሉ ማስረዳት የሚወደው አፌ፣ ዝም አለ። በዚያ ዕድሜዬ ጸሎት ትክክለኛ ስምና ትክክለኛ ተራ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ስሙ ሲሳሳት ግን ጸሎቱ መድረስ ያለበት ደጅ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ በአጥሩ በኩል፣ በግማሽ ቅባት፣ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ተመለሰ። ይህን እንዴት እንደማስረዳ እስካሁን አላውቅም።

ዛሬም ስደግም ሁለቱንም እጠራቸዋለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ያውቃሉ፤ በቀደም ደውለው፣ «ማናችንን ታስቀድሚያለሽ?» አሉኝ።

«በፊደል ተራ ነው እትዬ።»

«ፊደሉን ተይው። እንደ ማኅበር በየተራ አርጊው፤ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ።»

እሺ ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት የእትዬ የሺ ቀን ነበር። ያን ግራ ጉልበት ግን በየቀኑ ነው የማነሣው፤ ለእትዬ የሺ እንዳትነግሩብኝ።