ጉሮሮ ያልነው ገደል

ባለፈው ነሐሴ ታናሿ ልጄ በመኪናዋ ወደ ቡራዩ ስትወስደኝ፣ ከአስኮ አለፍ ብሎ ካለ ድልድይ አጠገብ በቆሎ ልትገዛ ቆመች። እኔም ወረድኩና የድልድዩን ብረት ይዤ ወደ ታች አየሁ። ውሃው ወፍራም ሻይ መስሎ ቅርንጫፍና አሮጌ ጀሪካን እያንከባለለ ይወርዳል። ልጄ የተጠበሰውን በቆሎ ይዛ መጣችና፣ «አባዬ፣ ምነው ፊትህ? አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «ሳይቀዘቅዝ ስጪኝ» አልኳት። ሰባ አምስት ዓመት አልፎኝ በቆሎ የምግጠው በራሴ ጥርስ ነው፤ ከእኩዮቼ እንዲህ ማለት የሚችል ሌላ ሰው አላውቅም። ያን ዕለት ግን ግማሹን ሳልጨርስ መለስኩላት።

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ እኔ ሃያ ዓመት የሞላኝ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ ኮልፌ ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔን ከአራተኛ ክፍል አስወጥቶ ከባንኮኒው ኋላ አቆመኝ። የቀረውን ራሴ ተማርኩት። ስኳርና በርበሬ የምንጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ሳላነበው ለደንበኛ አልሰጥም ነበር። ስለ ጨረቃ፣ ስለ ድልድይ አሠራር፣ ስለ ደመና ዓይነት ያወቅሁት ከዚያ ነው። ራዲዮ ፈትቼ መልሼ የገጠምኩትም ማንም ሳያሳየኝ ነው። ሰፈርተኛው «ኢንጂነሩ» ይለኝ ጀመር፤ እኔም አልከለከልኩም።

ጓደኛዬ ሸምሱ ይባላል። አባቱ ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ግቢያችን በአንድ አጥር ነው የሚለየው። ሸምሱ ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ያያል። እኔ ብዙ እናገራለሁ፤ የምናገረው ነገር ስላለኝ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ ጋቢ ይታጠባል። ያኔ ወፍራም ጋቢ በእጅ አይደፈርም፤ እንዶድ ተወቅጦ ይፈስበትና ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል። ይህ የጎረምሶች ሥራ ነው። ያን ዓመት የአባቴንና የአጎቴን ጋቢ ተሸክሜ ስወጣ ሸምሱ፣ «ብቻህን አትችለውም» ብሎ አንዱን ከትከሻዬ ላይ ነጠቀኝ። በዓሉ የእሱ አልነበረም፤ ግን ለእነሱ ዐረፋ እኔ በግ እንደምይዝ ሁሉ ለእኛ ፋሲካ እሱ ጋቢ ይረግጣል። የሳንሱሲን ሰፈር አልፈን አቧራውን እየረገጥን ወረድን። ባሕር ዛፉ በፀሐይ ግሎ ይሸታል። ሸምሱ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ነበረው፤ መንገዱን ሙሉ ሲንኳኳ እሰማዋለሁ፣ አንድ ፍሬ ግን አልቀመሰም። «ብላ እንጂ» ስለው፣ «ጾመኛ ፊት? ይቅርብኝ» አለ።

ዛሬ ያ ድልድይ ያለበት ወንዝ ጋ ስንደርስ ዳር ዳሩ በሰው ተሞልቷል። ውሃው ከላይ ከሚያጥቡት ሰዎች በሚወርድ የእንዶድ አረፋ ነጭ ሆኗል። «በሌላ ሰው እድፍ የአባቴን ጋቢ አላጥብም፤ ወደ ላይ እንውጣ» አልኩ። ወደ ላይ የሚያወጣ ደህና የእግር መንገድ ነበር፣ በኮረብታው ዙሪያ። እኔ ግን ጉሮሮን መረጥኩ።

ጉሮሮ የምንለው ወንዙ ጥቁሩን አለት ሰንጥቆ የሠራውን ጠባብ ገደል ነው። አንዳንድ ቦታ ሁለቱን ግድግዳ በሁለት እጅህ ትነካለህ። በበጋ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያቋርጠዋል። ከታችኛው አፉ እስከ ላይኛው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ያም ሆኖ የሰፈሩ ልጆች ደጁ ላይ ድንጋይ ወርውረው ይመለሱ ነበር እንጂ ዘልቆ ያየው አልነበረም። ይህ ነው የቆጨኝ።

አፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ከብት ያጠጣሉ።

«ልጆቼ፣ ወዴት ነው?»

«በዚህ አቋርጠን ወደ ላይ፣ አባባ።»

በዱላቸው ወደ ተራራው አመለከቱ። «ዛሬ ይቅርባችሁ። እዚያ ላይ ጠቁሯል።»

«አይስጉ አባባ፣ እንደዚህ ያለ ደመና ከሰዓት በፊት አይዘንብም። ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ።»

«ጋዜጣው ከዚህ ወንዝ ጠጥቶ ያውቃል?» አሉና ከብቶቻቸውን ወደ ዳገቱ መንዳት ጀመሩ። ሸምሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጋቢውን በጀርባዬ አስሬ ገባሁ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሰማዩ ከላይ እንደ ቀጭን ጥለት ይታያል። ድምፃችን ከፊታችን ሄዶ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ይመለሳል። አረፋው እግራችንን እየዳሰሰ ቁልቁል ያልፋል። መንገዱ ሲጋመስ ሸምሱ ቆሞ አንጋጠጠ። ከራሳችን በላይ፣ እጅ ከሚደርስበትም በላይ፣ አንድ ግንድ በሁለቱ ግድግዳ መካከል ተቀርቅሯል። ጭራሮና የደረቀ ጭቃ ተጣብቆበታል።

«ይህን ማን ሰቀለው?» አለ።

«ጣሊያን ነዋ! ድልድይ ሊሠራ ሲል ጥሎት የሄደው ነው።»

«ጣሊያን ጭራሮም ይሰቅላል?»

መልስ አላጣሁም፤ መልስ አጥቼ አላውቅም። ስለ ጣሊያን ድልድይ እያስረዳሁት ጥቂት እንደሄድን ሸምሱ ክንዴን ያዘኝ።

«አረፋው ቀረ።»

እግሬን አየሁ። ውሃው ጥርት ብሏል። «ታዲያ ደስ አይልም? የሚያጥቡት ሰዎች ምሳ ሊበሉ ወጥተው ነው።»

«አንተ! ሁዳዴ አይደል እንዴ? ገና ሰባት ሰዓት አልሆነም። እስከ ዘጠኝ ማን ይበላል?»

እኔ ክርስቲያኑ፣ ሆዴ በጾም የሚጮኸው እኔ፣ ይህን ከሙስሊም ጓደኛዬ ሰማሁ። እነዚያ ሰዎች ለምሳ አልወጡም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሸሽተዋል፤ ግንዱንም የሰቀለው ጎርፍ ነበር። ይህ ሲገባኝ ከላይ በኩል ነፋስ መጣ፤ በጉሮሮ ውስጥ ነፋስ አይነፍስም። እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ቀጥሎ ውሃው ደፈረሰ፤ ገለባና የከብት እበት ይዞ መጣ።

«እንመለስ!» አለ ሸምሱ።

«የላይኛው አፍ ይቀርባል» አልኩ። አይቀርብም ነበር። አላውቀውም ነበር፤ ግን በእርግጠኝነት ተናገርኩ፣ እሱም አመነኝ።

ድምፁ ሲደርስ በሩቅ የጭነት መኪና ዳገት የሚወጣ ይመስል ነበር። ውሃው ጉልበታችን ደረሰ። ወዲያው ግድግዳው ዝቅ ያለበት፣ ከላይ የሾላ ሥር የተንጠለጠለበት ቦታ አገኘን፤ አንድ ሰው ብቻውን ግን አይደርስበትም። ሸምሱ የያዘውን የአጎቴን ጋቢ ጥሎ ግድግዳው ሥር አጎነበሰ።

«አንተ ቀላል ነህ፣ ውጣ። ከዚያ ጋቢውን ጣልልኝ።»

ትከሻው ላይ ወጣሁ። እሱ ቀና ሲል ሥሩን ያዝኩ፤ በደረቴ ተስቤ ሣሩ ላይ ወደቅሁ።

ላይ ፀሐይ ነበር። ወፍ ይንጫጫል። ሣሩ ደረቅ ነው፣ እኔም ከወገቤ በላይ ደረቅ ነበርኩ። ከታች ጎርፉ አለቱን ሲመታ መሬቱ ከእጄ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ከጠርዙም ጓል አፈር ተቆርሶ ወደቀ። ሸምሱ ጠራኝ። «ኢንጂነር» ብሎ አይደለም፤ እናቴ በምትጠራኝ ስም ነው። ተነሳሁ። ጀርባዬንም ለገደሉ ሰጥቼ ሄድኩ።

ሰባት እርምጃ ነው። ሮጬ አይደለም፣ በእርምጃ ነው የሄድኩት። ምን አስቤ ነበር ብትሉኝ፣ ምንም። እግሬ ብቻውን የሄደ መሰለኝ። እንደገና ጠራኝ፤ ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው የመለሰኝ።

በሆዴ ተኝቼ ብቅ ስል ውሃው ደረቱ ላይ ደርሷል፤ በሁለት እጁ አለቱን አቅፏል። የአባቴን ጋቢ ከጀርባዬ ፈትቼ ጠምዝዤ አንዱን ጫፍ ሾላው ላይ ቋጠርኩ፣ ሌላውን ጣልኩለት። ያዘ። እኔ ሳብኩ፣ እሱ በግድግዳው ላይ እየረገጠ ወጣ። ጋቢው ከጥለቱ አጠገብ ተተረተረ፣ አልተበጠሰም። ወዲያው እሱ የቆመበት ቦታ በዛፍና በድንጋይ ተሞላ።

ሣሩ ላይ ተዘርሮ ኃይለኛ ሳል ያዘው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቆየህ» አለኝ።

«ጋቢውን ሳስር ነበር።»

«እሺ» አለ።

የተተረተረውን ጋቢ ተሸክመን ወደ ኮልፌ ተመለስን። በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። ሐጂ አዲስ ጋቢ ለአባቴ፣ አዲስ ጋቢ ለአጎቴ ይዘው መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ልጄን ከሞት አወጣህልኝ» አሉ። ሸምሱ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አባቴ እኔን ለሰው ሲያሳይ አንገቱ እንደዚያ ቀን ቀና ብሎ አይቼ አላውቅም። በፋሲካው አዲሱን ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከኋላው ሄድኩ፤ ያገኘንን ሁሉ እያስቆመ ታሪኩን አስነገረኝ። በተናገርኩት ቁጥር ውሃው ከፍ፣ ቋጠሮው ጠበቅ፣ እኔም ፈጠን እያልን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ። ራዲዮ ቤት ከፍቻለሁ፣ ስምንት ልጅ አስተምሬያለሁ፣ ቤቴን በራሴ ንድፍ ሠርቻለሁ፤ ከዚህ አንዱንም ማንም ሊክደኝ አይችልም። ሸምሱም አለ፤ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ነው ቤቱ። ባለፈው ዐረፋ ልጠይቀው ስሄድ የልጅ ልጆቹን ሰበሰበና፣ «ይህ ሰው ባይኖር እናንተም አትኖሩም፤ ጉልበቱን ሳሙ» አላቸው። አንድ በአንድ ሳሙኝ። እኔም እንደ ልማዴ ታሪኩን ከነቋጠሮው ነገርኳቸው። ሰባቱን እርምጃ ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ገደል ውስጥ ያለ ሰው፣ ከላይ ያለውን ሰው እርምጃ ሊቆጥር አይችልም። ከጠርዙ ላይ ስጠፋ ግን አይቷል፤ ባዶ ሰማይ እያየ ጠርቶኛል። ምን ያህል እንደቆየሁም ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ስናገር ወደ እሱ አላይም። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል፣ አንዱን ቃል እንኳ አያርመኝም፤ እኔም ያ እጅ እስኪነሳልኝ ድረስ አልተነፍስም።