መስቀል ያልወጣበት ሕንጻ

ዶን ፊደንሲዮ ኦላልዴ በሜክሲኮዋ ኬሬታሮ ከተማ አርባ ዓመት ሕንጻ ሲያሠሩ አንድም ቀን ማስታወቂያ ለጥፈው ሠራተኛ ፈልገው አያውቁም። ግንበኛ ሲያስፈልጋቸው ተራራው ላይ ወዳለው መንደራቸው ወጥተው በር ያንኳኳሉ፤ "ሰኞ እንወርዳለን" ይላሉ፤ በቃ። ድርጅቶች ፎርማንነቱን የሚሰጧቸውም ለዚህ ነው፤ እሳቸው ሲቀጠሩ ሰባት ጥሩ ግንበኛ አብሮ ይመጣል።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሰው የለም። ባሬላው ተገልብጧል፣ ቱንቢው ለብቻው ተንጠልጥሏል። ወደ ማዶ ተመለከቱ። ሰባቱም መንገድ ተሻግረው ፊት ለፊት ባለው ሕንጻ ላይ ብሎኬት ይደረድራሉ። አንዱማ ያፏጫል።

አሠሪያቸው ኢንጂነር አሪስመንዲ ስልኩን እንደያዘ መጣ። "ስንት ጨምረውላቸው ነው?"

"አልጠየቅኩም።"

"ምን ጎደለባቸው? ቲሸርት አደልኩ፣ የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ብዬ ፎቷቸውን ሰቀልኩ። እስከ አርብ ይመልሷቸው፤ ካልሆነ ሌላ ፎርማን ከነሰዎቹ አመጣለሁ።"

ዶን ፊደንሲዮ ግን የጎደለውን ያውቁ ነበር። ያለፈው ቀን የግንበኞች የመስቀል በዓል ነበር። በዚያ አገር በዚህ ቀን ግንበኛ መስቀሉን በወረቀት አበባ አስጊጦ ሕንጻው ጫፍ ላይ ይተክላል፣ ርችት ይተኩሳል፤ አሠሪውም የአሳማ ሥጋ አስጠብሶ፣ ከሠራተኛው ጋር ጣውላ ላይ ተቀምጦ ይበላል። አሪስመንዲ ግን ቤት ገዢዎች ለጉብኝት ስለሚመጡ ጭስም ርችትም አልፈልግም፣ እሁድ ፒዛ አዛለሁ ብሎ ከለከለ። ማዶ ግን መስቀሉም ተተክሎ፣ ሥጋውም ተጠብሶ ነበር።

ሥጋው ነው የወሰዳቸው፣ ብለው ዶን ፊደንሲዮ በንዴት እየጋሉ መንገዱን ተሻገሩ። ክሪሶፎሮ መወጣጫው ላይ ነበር። ያለ ቱንቢ የግድግዳ መዝመም የሚታየው ሰው ነው፤ ሴት ልጁንም ክርስትና ያነሱለት ዶን ፊደንሲዮ ናቸው።

"ውረድ።"

"ደህና አደሩ፣ አበልጄ።"

"ውረድ አልኩህ። በአንድ ሳህን ሥጋ ሸጥከኝ?"

"ሁለት ሳህን ነው የበላው፣ ዶን ፊደንሲዮ" አለ ኤውሴቢዮ የተባለው ቀልደኛ ከጎኑ ሆኖ። "ዋጋዎን አያሳንሱ።"

ሌሎቹ ሳቁ። ክሪሶፎሮ ግን ሳይስቅ ወረደ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ሥጋማ ቤቴም አለ" አለ። "ኢንጂነሩ መስቀል የለም ሲል ሁላችንም ያየነው የእርስዎን ፊት ነው። እሱንማ መች እናውቀዋለን? እርስዎ ምን አሉ?"

ዶን ፊደንሲዮ ዞረው ማዶ የራሳቸውን ሕንጻ ተመለከቱ።

"'እሺ ኢንጂነር' አሉ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ገብተው ከገዢዎቹ ጋር በሉ። እኛ ታች ደረቅ ቶርቲያ፣ ባዶ የበቆሎ ቂጣ ይዘን በመስኮት እናይዎት ነበር።"

"ጠራኝ፤ ምን ላድርግ?"

"ድሮ ያ ሌላው ኢንጂነር በተሰነጠቀ መወጣጫ ላይ ሰው አውጣ ሲልዎትስ ምን አደረጉ? ሥራውን ጥለውለት ሄዱ። እኛም ተከተልንዎ። ሁለት ወር ሥራ ፈትተናል፣ አበልጄ፤ ማን ምን አለዎት?"

ዶን ፊደንሲዮ በጥፊ ሊሉት እጃቸው ተነስቶ ነበር። ክሪሶፎሮ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ይመቱት ነበር። ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ሳይት እንደደረሱ ከአርማታ ቅርጽ የተነቀለ ጣውላ አንስተው ለሁለት ቆረጡ፤ አጋጥመው በምስማር መቱት። አበባም ቄስም የለም። በትከሻቸው ተሸክመው ደረጃውን መውጣት ሲጀምሩ አሪስመንዲ መንገድ ዘጋ።

"በዓሉ አልፏል እኮ።"

"ማለፉ ነው ያናደደኝ። ዘወር በል።" እንዲህ አንተ ብለውት አያውቁም ነበር።

"ሥራዎን ነው የሚያጡት።"

"ውሰደው፤ አርብን አትጠብቅ። ፎቶ ሰቀልክላቸውና ይቆያሉ መሰለህ? እኔ እምቢ እል ስለነበር ነው የቆዩት። ትናንት እሺ አልኩህ፤ ሄዱ። አሁን አሳልፈኝ።"

አሪስመንዲ ዘወር አለ። መስቀሉን በፌሮ ሽቦ ከኮሎን ጋር አሰሩት፤ ከንዴታቸው ብዛት ሽቦው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። ማዶ ሥራው ቆሞ ነበር፤ የሚያፏጭ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ኤውሴቢዮና ወንድሙ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። ሌሎቹ አልመጡም።

"አበልጅዎ ምን አለ መሰለዎት" አለ ኤውሴቢዮ፤ አሁን አይቀልድም። "'መስቀሉ ጥሩ ነው፤ ግን ዘግይቷል' አለ። ለዚያኛው ፎርማን ቃል ሰጥቷል።"

"ልክ ነው" አሉ ዶን ፊደንሲዮ። "ቃል ሰጥቶማ አይመለስም። እንዲመለስም አልፈልግም።"

አርብ መጣ። አሪስመንዲ ሦስት ፎርማን ጠይቆ ሦስቱም የቀን ሠራተኛ እንጂ ግንበኛ ይዘው የሚመጡ አልሆኑም። እሳቸውን ስለማባረሩ ነገር ሳያነሳ ፎቶዎቹን ከግድግዳ አወረደ። ዶን ፊደንሲዮ ቀና ብለውም አላዩት። ክሪሶፎሮ ትቶት የሄደው ግድግዳ ላይ ጎንበስ ብለው ብሎኬት ያስቀምጣሉ፤ መስመሩ አልቀና ሲላቸው እየተሳደቡ ያፈርሱታል፣ እንደገና ያስቀምጣሉ።