«አንዱን አገኘሁት፤ ሁለት ናቸው»፦ ጋሽ ውብሸትን ስናስብ

ጋሽ ውብሸት ዐርፈዋል። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አብራችኋቸው የነበራችሁ፣ ናይሮቢ ከመጡ በኋላ ሙያ ያስተማሯችሁ፣ መታወቂያ ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ አብረዋችሁ የተንከራተቱላችሁ፣ ይህ ወሬ ሳይደርሳችሁ እንዳይቀር ብዬ ጻፍኩት።

ለእኔ የተነገረኝ እንደ ወጋችን ነው። እርሳቸው ያረፉት በቀን ነበር፤ መርዶ ግን በማለዳ ነውና አሳደሩት። ጎህ ሲቀድ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል በር ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈራችን ሽማግሌዎችና ሴቶች ቆመዋል። ልጄ ዳዊት ያን ሰሞን ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ነበር።

«ዳዊት!» ብዬ ጮህኩና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አይደለም! ዳዊት ደኅና ነው፣ አይዞሽ» አለችኝ አንዷ እጄን ይዛ። አላመንኳትም። «ጋሽ ውብሸት ናቸው እኮ፣ ጋሽ ውብሸት» እስክትለኝ ድረስ አላመንኳትም።

ለምን እንዳላመንኳት የሚያውቁ ያውቃሉ። የበኩር ልጄን አዲስ አበባ ከቤቴ ሲወስዱት፣ «ለጥያቄ ነው፣ ደኅና ነው፣ ይመለሳል» ብለውኛል። ቀበሌውም ጎረቤቱም፣ የገዛ ዘመዶቼም ያሉኝ ይህንኑ ነው። አልተመለሰም። የቀረኝን አንዱን ይዤ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ አስቀድሜ የምጠራው የዳዊትን ስም ነው።

ጋሽ ውብሸትን ያወቅኋቸው በዚያች በተከራየኋት ክፍል ነው። አምፖሉ እየጠፋ ይበራ ነበር። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ይዟቸው መጣ። ገና ሲገቡ መብራቱ በራ፣ እኔም አፈርኩ። «በከንቱ አደከምኩዎት፤ ይኸው ተሽሎታል» አልኳቸው። እርሳቸው ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሩና ዳዊት ከሚተኛበት አልጋ ራስጌ ሲደርሱ ቆሙ። ግድግዳው ሞቋል። ልስኑን ሲፈለፍሉት ጠቁሮ የተላጠ ሽቦ ወጣ። «መብራት ስለበራ አትተማመኚበት» አሉኝ። ሽቦውን ቀይረው፣ ልስኑን መልሰው መርገው፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ዳዊትን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሥራ ቦታቸው ወሰዱት።

ሥራ ቦታቸው የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ጋራዥ ነበር። ባልደረባቸው ኦቲየኖ የሚባል የኪሱሙ ሰው ነው። እርሱ ሞተሩን፣ ጋሽ ውብሸት ኤሌክትሪኩን ይይዛሉ። ከናይቫሻ ሐይቅም ከሞምባሳ ወደብም የጀልባ ሞተር ይመጣላቸዋል። ጋሽ ውብሸት አንድ የማይለወጥ ሥርዓት ነበራቸው። እጃቸውን ከውሃ በታች ወደሚሽከረከረው የጀልባው ፕሮፔለር ከማስገባታቸው በፊት የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ፤ የማስነሻውን ቁልፍም አንገታቸው ላይ ካለው ማተብ ጋር ያስሩታል። ሥራው አልቆ ጀልባው ለባለቤቱ እስኪመለስ ቁልፉ ከዚያ አይወርድም። ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይዘውት ይቆማሉ። ኦቲየኖ «ሚስትህ ናት?» ብሎ ይቀልድባቸው ነበር። «ሚስት ብትሆን ጥላኝ ትሄድ ነበር፤ ይህቺ አትሄድም» ይሉታል።

ዳዊት ሙያውን ትንሽ ከለመደ በኋላ ናይቫሻ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሎጅ ባላቸው ሚስተር ካማው ዘንድ ጀልባ ነጂ ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሐይቅ ሲሉኝ የሚታየኝ ጉማሬ ነው። ብዙም ሳይቆይ እርሱ የሚነዳው ጀልባ በተጎታች ተጭኖ ወደ ጋሽ ውብሸት ጋራዥ መጣ።

ያን ቀን ከምሠራበት ከሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ምሳቸውን ይዤ በማታቱ ሚኒባስ ሄጄ ነበር። ጋሽ ውብሸት ጀልባው ጎን ቆመው ዳዊትን ይጠይቁታል።

«እሺ ዳዊት፣ ምን ያደርጋል?»

«ምንም አይል ጋሼ። ደኅና ነው።»

«ደኅና ከሆነ ከናይቫሻ ድረስ ተጭኖ ምን ሊያደርግ መጣ? ሊጠይቀኝ ነው?»

ኦቲየኖ አማርኛ ባያውቅም ፊታቸውን አይቶ ሳቀ። ዳዊት አንገቱን ደፋ። «አልፎ አልፎ ትንሽ ያስቸግራል፤ ያን ያህል አይደለም።»

«መቼ? የት ላይ? እጅህ ምን ይዞ ነበር?»

ልጄ ወደ እኔ አየ። ያሳደግሁት ክፉ አይወራም እያልኩ ነው። እኔም ጣልቃ ገባሁ፦ «ኧረ ጋሼ፣ ክፉ ክፉውን ምን ያናግሩታል? ሟርት ይሆንብኛል።»

«ማማ ዳዊት» አሉኝ። እንደ ኬንያዎቹ እንዲህ ብለው ይጠሩኝ ነበር። «እኛ ሐበሾች ሐኪም ፊት ተቀምጠን እንኳ ‹ተመስገን፣ ደኅና ነኝ› ብለን ነው የምንጀምር። ሐኪም ይታገሠናል። ጀልባ አይታገሥም። ልጅሽ ሁሉንም ይንገረኝ። ካልከበደሽ አንቺም ስሚ።»

ከበደኝ፣ ግን ቆሜ ሰማሁ። ዳዊት እንዲህ አለ፦ እንግዶች ይዞ ወደ መውረጃው የእንጨት መድረክ ሲጠጋ ማርሹን ወደ መሃል ይመልሰዋል፤ ጀልባው መቆም ሲገባው በድንገት ወደ ፊት ይወነጨፋል። አንድ ጊዜ የመድረኩን ሳንቃ ሰብሯል። እዚያ ዕቃ ታጥብ የነበረች ሴት ዘልላ ነው የዳነችው። ባትሪውም ፊውዙም ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። ይህን ሁሉ ለእኔ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

ጋሽ ውብሸት ምሳውን ትተው አስረዱን። የዚህ ጀልባ ማርሽ የሚቀየረው በኤሌክትሪክ ነው። ነጂው ዘንጉን ሲነካ ኃይሉ በሁለት ሽቦ ወርዶ፣ ውሃ ውስጥ ባለው የማርሽ ቤት የተቀመጡትን ሁለት ኮይሎች፣ የሽቦ ጥቅሎቹን፣ ያነቃል። አንዱ ሲነቃ ማርሹ መሃል ላይ ይሆናል፣ ጀልባውም ይቆማል፤ ሁለቱ ሲነቁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኃይል ያጡ እንደሆነ ግን ማርሹ በራሱ ወደ ፊት ይገባል።

«ሰው እንዲህ አድርጎ ይሠራል?» አልኳቸው።

«ውሃ መሃል ሽቦ ቢበጠስበት ነጂው ወደ ምድር ይመለስ ብለው ነው። ለክፋት አይደለም። ክፋቱ ምድር ሲደርስ ነው፤ አቁም ሲሉት የሚሄድ ነገር ይሆናል።»

ከዚያ ቴስተራቸውን፣ ባለ መርፌውን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አውጥተው ሽቦዎቹ ላይ አሰሩ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ማርሹ ሲነካ ከታች ቋ ይላል። ደጋግመው ሞከሩት። መርፌው ከልኩ አልተነቃነቀም፤ ሁሉም ደኅና ነው። ኦቲየኖ ትከሻውን ነቀነቀ። ጋሽ ውብሸት ግን ዳዊትን መሪው ላይ አስቀመጡትና፣ «አሁን ናይቫሻ ነህ። ወደ መድረኩ እየገባህ ነው። እንደምትገባው ግባ» አሉት። ልጄ አፍሮ እየሳቀ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞረ። ያን ጊዜ መርፌው ወደቀ።

ሽቦው ከውጭ ምንም አልሆነም። ከልባሱ ውስጥ ግን፣ መሪው ሞተሩን ሲያዞር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ከጥቂት ክር በቀር ተበጥሷል። ቀጥ ሲል ይነካካል፣ ሲታጠፍ ይለያያል። ጋሽ ውብሸት የተበጠሰውን ቆርጠው አዲስ ሽቦ በየዱበት፣ ውሃ እንዳያስገባ አሸጉት፣ እንዳይወጠርም ትርፍ ሰጡት። መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ፤ መርፌው አልወደቀም። እኔ እልል ልል ነበር። እርሳቸው ግን ቴስተሩን ነቅለው እንደገና አሰሩትና መርፌውን አዩ።

«ምነው ጋሼ?» አላቸው ዳዊት።

«ከልኩ በላይ ወጣ። የተበጠሰ ሽቦ መርፌውን ይጥላል እንጂ ከልክ በላይ አያወጣውም። የመጀመሪያው ጥፋት ሌላውን ሸፍኖት ነበር። አንዱን አገኘሁት፤ ሁለት ናቸው።»

ጀልባውን ናይቫሻ ወስደው ራሳቸው ሞከሩት። ዳዊት እንደነገረኝ ጠዋቱን ሙሉ አንድም ጊዜ አላስቸገረም። ሚስተር ካማው ደስ ብሏቸው፣ «ፉንዲ፣ አንተ ባለሙያ፣ እንደ በግ ሆነችልህ እኮ! ምን ቀረህ?» አሉ።

«በግነቷ ነው ያስፈራኝ። ታችኛውን የማርሽ ቤት ከፍቼ ካላየሁ አልሰጥዎትም።»

«ለበዓሉ እንግዶች ይመጡብኛል።»

«እንግዶቹ ቢመጡ አይከፋም። በሰላም ይመለሱ ብዬ ነው።»

ሚስተር ካማው ክፉ ሰው አይደሉም። እያጉረመረሙ ጀልባውን መልሰው አስጫኑ። ቤቱን ከፍቶ ለመዝጋት ግን ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት መለወጥ ነበረበት፤ እርሱም ከሞምባሳ እስኪመጣ ተጠበቀ፤ ዳዊትም እስከዚያው ወደ ናይቫሻ ሥራው ተመለሰ።

በዚያ መካከል ጋሽ ውብሸት ደረታቸውን ማሸት ጀመሩ። ምሳ ሳመጣላቸው አየሁ። «ምን ሆኑ?» ብላቸው «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» አሉኝ። ገፍተን ሐኪም ቤት ላክናቸው። ጨጓራ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ዋጡ፣ ቀለል አላቸው፣ ቀለማቸውም ተመለሰ። ሁላችንም ደስ አለን።

ያረፉት ጀልባው አጠገብ፣ ሣጥን ላይ እንደተቀመጡ ነው። ኦቲየኖ ያሸለባቸው መስሎት መዶሻውን ቀስ እያደረገ ይመታ ነበር። ሐኪሞቹ በኋላ ልብ ነው አሉ።

ከቀብር በኋላ በሐዘኑ ቤት ሚስተር ካማው መጡ። በወግ ተቀመጡ፣ በወግ አዘኑ። ሲነሡ ዳዊትን ወደ ውጭ ጠርተው ጀልባውን ሊወስዱ እንደሚፈልጉ ነገሩት። «ውብሸት ራሱ ሐይቁ ላይ ነድቶት ደኅና ነበር፤ የቀረው ጥንቃቄ ብቻ ነው፤ አንተም ትነዳዋለህ» አሉት። አብሯቸው ለቆመው ለኦቲየኖም የቀረው ጥንቃቄ ብቻ መስሎት ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ደመወዙ የቤት ኪራያችን ነው፤ ልጄ ደግሞ ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት አይችልም።

ያን ጊዜ ዳዊት እጁን ኪሱ ከተተና ከሆስፒታል ከልብሳቸው ጋር የሰጡንን ቁልፍ አወጣ። የማተቡ ክር ገና እንደታሰረበት ነበር።

«ኦቲየኖ፣ ይህ ከየት ነው የወጣው?» አለው።

ኦቲየኖ ቁልፉን አይቶ ክሩን በጣቱ ዳሰሰ። «ከአንገቱ» አለ። ከዚያ ወደ ሚስተር ካማው ዞሮ፣ «ቁልፉ አንገቱ ላይ ከነበረ ሥራው አላለቀም» አላቸው።

«እኔም አልነዳውም» አለ ልጄ። «ሌላ ነጂ ቢቀጥሩም ያየሁትን እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ሚስተር ካማው ባሉበት ታችኛውን ቤት ከፈቱት። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ወጣ፤ ውሃ ገብቶበታል። ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ ልባሱ አብጦ፣ ከብረቱ ጋር እየተፋቀ ተልጦ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ መርፌውን ከልክ በላይ ያወጣው ከዚያ ወደ ብረቱ የሚፈስሰው ኃይል ነበር። ሊበጠስ ጥቂት ቀን ቢቀረው ነው። ሚስተር ካማው ጎንበስ ብለው አዩት። «ልጆች ልጭንበት ነበር» አሉ። ኦቲየኖና ዳዊት ሽቦውን ቀየሩ፣ ከሞምባሳ በመጣው ቀለበት ዘጉት። መርፌው ልኩ ላይ ቆመ። ቁልፉን የሰጧቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ውብሸት ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ለእርስዎ ነው። ልጄ ጀልባው ደኅና ነው ሲልዎት አላመኑትም፤ ደግመው ጠየቁት፤ ስለዚህ ዛሬ በሕይወት አለ። እርስዎን ግን ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቀ ከእኛ መካከል አልነበረም። በሀገር ቤት ቢሆን ሚስት፣ እህት፣ ጎረቤት ይጨቀጭቅዎት ነበር። እዚህ እኛ ነበርን፣ እኛም ቀለማቸው ተመለሰ ብለን ተደሰትን። አፈሩ ይቅለልዎት። በባዕድ ምድር ያለ ዘመድ ተቀበሩ ማንም እንዳይል፤ ከመቃብርዎ አጠገብ ቆመን ያለቀስነው ዘመዶችዎ ነን።

ዳዊት ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ላይ ወጥቷል። እስኪመለስ በሩን በሩን አያለሁ፤ ይህ ጠባዬ አልተወኝም፣ የሚተወኝም አይመስለኝም። እርስዎ ግን ይረፉ፣ ጋሼ። ብዙ ሰው ሳያውቅ ብዙ ፈርተውለታል። ከእንግዲህ ያለውን ፍርሃት እኔ እይዘዋለሁ።