«ተልኳል» ያለው ስልክ፦ ከሸዋ ቤንች ማዶ

ማክሰኞ ማለዳ ከሚዛን ተፈሪ የተነሣሁት የራሴን ስህተት ልፈልግ ነው። አዲስ አበባ የምንሠራው ፕሮግራም የጤና ኬላ ሠራተኞች አምቡላንስ የሚጠሩበት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ጥሪው ስልኩ ውስጥ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል፤ ሲመለስ ይሄዳል። ከሸዋ ቤንች ማዶ ካለ ጤና ኬላ የተላከ አንድ ጥሪ ግን ሚዛን ያለው የአምቡላንስ ማዕከል ሳይደርስ ቀርቷል።

እስከ ሸዋ ቤንች በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር ብስክሌት ሄድኩ። ባለሞተሩ ሦስት መቶ ብር ሲለኝ ጭቃውን አይቼ አልተከራከርኩም። አንድ ቁልቁለት ላይ አውርዶኝ በእግሬ ስሄድ ቀና አልኩ። ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ግንድ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። ሰማይ የለም፤ ሁሉም ቅጠል ነው። የስልኬ ኔትወርክም ጠፍቷል።

አምስት ሰዓት፣ ጤና ኬላው

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትዕግሥት ትባላለች።

«ፕሮግራሙን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ።»

ከጤና ኬላው ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ይዛኝ ወጣች። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ። ጥሪው ሳይደርስ በቀረበት ቀን ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። ትዕግሥት እዚህ ወጥታ ጥሪውን ላከች፤ ስልኩ «ተልኳል» አላት። ወርዳ ለቤተሰቡ «አምቡላንስ እየመጣ ነው» አለች። ለሦስት ሰዓት ያህል ጠበቁ።

«ከዚያስ?»

«በቃሬዛ ተሸክመው ሸዋ ቤንች አደረሷት። እናትም ልጅም ተርፈዋል።»

ስልኳን ተቀብዬ የፕሮግራሙን የጥሪ መዝገብ ከፈትኩ። «ተልኳል» የሚለው ጥሪው ሚዛን ሲደርስ ሳይሆን ወረፋ ውስጥ ሲገባ ነበር። አምስት ጊዜ ሞክሮ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጥሎታል። ማንም ካልቀየረው ፕሮግራሙ ይዞት የሚመጣውን ይህን ቅንብር የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ኔትወርክ በማይጠፋበት ቢሮ ተቀምጬ። ይህንኑ ነገርኳት።

«ካልሄደ አልሄደም ይበለኝ» አለች። «ያኔውኑ ሰው እጠራለሁ።»

«መሞከሩንስ ይቀጥል?»

«ይቀጥል። ግን ሴትዮዋን ካደረስን በኋላ ጥሪው ደርሶ አምቡላንሱ በከንቱ እንዳይመጣ። ሌላ ቦታ ሌላ ሴት አለች።»

ስንወርድ ቃሬዛውን ከያዙት አንዱን፣ አቶ ገብሬን፣ ቡና ሲለቅሙ አገኘናቸው። ስንት ሰው እንደተሸከማት ጠየቅኳቸው።

«ማን ቆጠረ?» አሉ። «የሰማ ሁሉ መጣ።»

ስመጣ በእግሬ የወረድኩትን ቁልቁለት፣ ያንን ጭቃ አሰብኩ። ያንን ሽቅብ ሴት ተሸክመው ወጥተዋል።

አዲስ አበባ፣ ዓርብ

ቤቴ ገብቼ ሳላርፍ ቅንብሩን ቀየርኩ። ሚዛን «ደረሰኝ» ሳይል ስልኩ «ተልኳል» አይልም፤ እስኪደርስ «አልሄደም» እያለ ይሞክራል፤ አንድ ሰዓት ካለፈ ግን ጥሪው አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ሠራተኛዋን ሳይጠይቅ አይልክም።

የሥራ ባልደረባዬ፣ «ለምን ተጠቃሚው ራሱ አይመርጥም? ቅንብሩ እኮ ክፍት ነው» አለኝ።

«ትዕግሥት የቅንብሩ ገጽ ውስጥ ገብታ አታውቅም» አልኩት። «የሚደርሳት እኛ መርጠን የተውንላት ነው።»