ጉልበቴን የነፈግኳት ቀን

ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። ንስሐ አባቴ ዘንድ እቀርብና ሌላ ሌላውን አውርቼ ይህቺን ዘልዬ እመለሳለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አጻጻፌን እለፉልኝ። ሥራዬን ግን እለፉልኝ አልልም።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ሜሮን። እዚህ ስደት አገር፣ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው መንገድ ላይ ስትሠራ አንድሬስ ከሚባል የኮሎምቢያ ልጅ ጋር ተዋደደች። እሱ አገሩ ሄዶ ሊመለስ ሲል ቪዛ ከለከሉት። "እማ፣ ቦጎታ ሄጄ ላግባውና ወረቀቱ ሲያልቅ ይዤው እመጣለሁ። ጥቂት ወር ነው" አለችኝ። ሂጂ አልኳት። በአፌ።

ከዚያ በቪዲዮ በደወለች ቁጥር የአንድሬስ እናት ከጎኗ ናት። ጸጉሯን ትነካካለች፣ ታጎርሳታለች። ማጉረስን ማን አስተማራት? ልጄ ናታ። ልጄ ደግሞ "ማሚታ" ትላታለች፤ እናቴ ማለት ነው አሉ። "እኛ ሰፈር ማሚታ የሕፃን ስም ነው፤ ጥርስ አብቅላለች?" ብዬ ሳሾፍ ሜሮን ከልቧ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሙሽራ የእናቷን ጉልበት ሳትስም አትወጣም ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አልረሳችም። "ስልኩን ወንበር ላይ አቁሜ ፊቱ እንበረከካለሁ፤ አንቺ ትመርቂኛለሽ፤ ከዚያ ወደ ፊርማው እንሄዳለን" አለችኝ። እኔም ከሥራ ኦፍ ወስጄ፣ የአበሻ ቀሚሴን ለብሼ ክላርክስተን ቤቴ ቁጭ አልኩ።

ከመደወሏ በፊት ፎቶ ላከች። ነጭ ለብሳለች። ሴትዮዋ ከኋላ ቆማ የራሷን ሀብል ታስርላታለች። እኔ የሰጠኋት መስቀልስ የታለ? አንገቷ ላይ የለም።

ስልኩ ጮኸ። ስሟን አየሁ። ገለበጥኩት። እኔ ነኝ የገለበጥኩት፤ ኔትዎርክ አይደለም፣ ሥራም አይደለም። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ። እናት ይህን ታደርጋለች? እኔ አደረግኩት። "ያቺው ትመርቅሽ" አልኩ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ድምፄን አውጥቼ።

በኋላ "ከሥራ በድንገት ጠሩኝ፤ ስልኬ ሎከር ውስጥ ቀረ" አልኳት። "አይዞሽ እማ፣ ምን ታደርጊ" ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ቆይታ ሰው የቀረጸውን ቪዲዮ ላከችልኝ። ስልኩ ወንበር ላይ ቆሟል። ልጄ ተንበርክካ ትጠብቃለች። ሰዉ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ አንድሬስ እናቱን በእጁ ለመናት። ራሷን ነቀነቀች፤ አሻፈረኝ አለች። ደጋግሞ ሲለምናት ስልኩን ከወንበሩ አንስታ እያለቀሰች ተቀመጠች፤ ልጄ ጉልበቷን ሳመች። ስትጎነበስ የእኔን መስቀል አየሁት። መዳፏ ውስጥ ጨብጣዋለች።

ቦታዬን ወሰደችብኝ የምላት ሴትዮ አልወሰደችም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት።

ከዚያ ወዲህ ሜሮንን ራሷን ባመማት ቁጥር ያላገኘችው ምርቃት ነው እያልኩ እደነግጣለሁ። አሁን ቪዛው ተሳክቶ ቅዳሜ ሁለቱም ይገባሉ። "እማ፣ እዚያው ኤርፖርት ነው የምንበረከከው፤ እንዳታፍሪብኝ" አለችኝ።

ሳትንበረከክ በፊት እውነቱን እነግራታለሁ። ብቻዬን ስላሳደግኳት ነው፣ ናፍቃኝ ነው ማለት እችል ነበር። አልልም። ቀንቼ ነው። ይቅርታውንም እናንተን አልጠይቅም፤ የእሷ ነው። ቅዳሜ ኤርፖርት ውስጥ ወንበር ሞልቷል። እኔ ግን ጉልበቴን ሳላቀርብ ቆሜ ነው የምጠብቃት።